የሽጉጡ ማደሪያ

ከጥቁር ውኃ ማዶ ካሉት የአትክልት እርሻዎች ወደ ሐዋሳ ስመለስ ሐይቁ በስተቀኜ ነው። ዛፍና አጥር አልፎ አልፎ ይከልለዋል፤ ገለጥ ሲል ግን ውኃው ላይ ያዘቀዘቀችው ፀሐይ በዓይኔ ጥግ ትገባለች። ያን ሰዓት ሞተሬን በሦስተኛ ማርሽ፣ ሳላስጮህ ነበር የምነዳው። እጄ ቤንዚን ይሸታል፤ ከኋላዬ የታሰረው የመፍቻ ቦርሳ ጎድጓዳ ባገኘ ቁጥር ይንቋቋል። ከብቶች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ሞተሩን አጥፍቼ አሳልፋቸዋለሁ። አንዳንዴም የበቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሐይቁ ከብርቱካንማ ወደ ግራጫ እስኪለወጥ እቆያለሁ። ቤት እናቴና ራቴ እንደሚጠብቁኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልቸኩልም።

የውኃ መሳቢያ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም። መጀመሪያ የፈታሁት ጎረቤታችን ጋሼ ሊጥሉት የነበረውን አሮጌ ፓምፕ ነው። እያንዳንዱን ብሎን ሲወጣ በቅደም ተከተሉ ጋዜጣ ላይ ደረደርኩት፤ ስገጥመው አንድ ቀለበት ተረፈኝ። ያቺ ቀለበት የት እንደምትገባ እስካውቅ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን መናኸሪያ አካባቢ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሱቋ ግን ለስሙ ነው፤ ሥራዬ እርሻው ላይ ነበር፤ ፓምፑ በቆመበት፣ ቲማቲሙ ውኃ በጠማው ቦታ።

ባለፈው በጋ አንድ አመሻሽ ላይ፣ ሁለት ልጆች መንገዱ ላይ ገመድ ወጥረው ጠበቁኝ። ገመዱን ያየሁት ደረቴ ጋ ሲደርስ ነው። ስወድቅ ትከሻዬ ወለቀ። አንደኛው ዱላ ይዞ ከላዬ ቆመ፤ ሌላው ሞተሬን ሊያስነሳ ታገለ። ሲወድቅ ነዳጅ ስለፈሰሰበት አልነሳላቸውም። ስልኬንና የመፍቻ ቦርሳዬን ይዘው ወደ ቁጥቋጦው ገቡ። ስልኩ አላሳዘነኝም። ቦርሳው ውስጥ ግን የአባቴ ዐሥር ቁጥር መፍቻ ነበረች፤ ጠባብ ቦታ እንድትገባለት ብሎ ራሷን በሞረድ ያሳሳት። እንደሷ ያለ ሌላ የለም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ጣቶቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ጣቶቼን የማሳርፈው በእሷ ብቻ ነበር።

ትከሻዬ ዳነ። ከሰዓት በኋላ ግን ወደዚያ መሄድ ተውኩ። ገበሬዎቹ ሲደውሉ «ነገ ጠዋት» እላለሁ፤ ያልቻሉ ፓምፓቸውን በባጃጅ ጭነው ሱቄ ድረስ ያመጣሉ። ሥራው ወደ እኔ መጣ። መንገዱ ግን አልመጣም። አመሻሽ ላይ ሱቁን ስዘጋ ሰማዩ ይቀላል፤ ሐይቁ አሁን ምን ዓይነት ቀለም እንደያዘ እያሰብኩ በሕንፃዎች መሐል ወደ ቤት እሄዳለሁ። አንድ ቀን እንደዚያ ስሄድ ሽጉጥ ልይዝ ወሰንኩ። የፈለግኩት ማንንም ለመግደል አልነበረም፤ ያን ሰዓት መልሼ ለማግኘት ነበር።

ችግሩ እናቴ ናት። ልጅ ሳለች አገር ቤት ወንድሟ ጠመንጃ ሲወለውል ባርቆበት ዓይኗ እያየ ሞቷል። አባቴን ስታገባ ያስማለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሣሪያ በቤቷ እንዳያድር። አባቴ የመንግሥት ቢሮ ሾፌር ነበር። መስክ ስለሚወጣ ቢሮው ሽጉጥ ሰጥቶት ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ መለሰው። ሥራ ላይ ሳለ ማታ ማታ ሽጉጡ ቢሮ ነው የሚያድረው ይለን ነበር። እኔም ሽጉጡን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የማስታውሰው የመኪናው ድምፅ ሲሰማ በሩ ላይ መጠበቄን ነው። አባቴ መኪናውን ካቆመ በኋላ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጎረቤት ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። ስሮጥ ሄጄ ወገቡ ላይ እጠመጠምበታለሁ። እናቴ ከጓዳ ሆና ትጮሃለች፦

«መጣህ? ከቤትህ ጎረቤት ይቀድማል፣ አይደል!»

እሱ ዝም ብሎ ይስቃል።

እንግዲህ ሽጉጥ ስለመምረጥ። እኔ አንድ ነገር ስጀምር እስከ መጨረሻው ካላወቅኩት አይሆንልኝም። በአዲሱ ስልኬ ያገኘሁትን ሁሉ አየሁ፤ ሲፈታ፣ ሲገጠም፣ ጥይት ነክሶ ሲቆም። መናኸሪያ ያለ አንድ ደላላም የሚሸጥ ሽጉጥ ፎቶ ላከልኝ። ፎቶውን ያሳየሁት ለሃምሳ አለቃ ነው። ሃምሳ አለቃ ጡረተኛ ወታደር ናቸው፤ ከሱቄ አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት ጠዋትም ማታም አይጠፉም። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ እንዳላቸውና ሊሸጡት እንደሚፈልጉ ሁሉም ያውቃል።

መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ራቅ አደረጉት።

«ቆንጆ ነው» አሉ።

«አዲስ ነው፤ ቱርክ ሠራሽ። ዐሥራ አምስት ይጎርሳል።»

«ዐሥራ አምስት! አንተ ሽንኩርት ማሳ አይደል እንዴ የምትሠራው? ሽንኩርቱ ተነሣብህ?»

የሻይ ቤቷ ባለቤት ሳቋ አመለጣት። ሃምሳ አለቃ አልሳቁም።

«ፈቃድስ?»

ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ።

«ፈቃድ የሌለውን ሁለተኛ እንዳታሳየኝ። አጥፋው፤ እዚሁ ፊቴ አጥፋው።»

አጠፋሁት። በማግስቱ ቤታቸው ጠሩኝ። ከቁም ሣጥን ውስጥ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙረው የጥይት ካዝናውን አወጡ፤ ላዩን ወደ ኋላ ስበው ውስጡን አዩ፤ ትንሿን ጣታቸውን ከትተው ነኩ። ከዚያ ሰጡኝ።

«አንተም እይ። ሌላ ሰው አይቶታል ብለህ እንዳታምን። እኔንም ቢሆን።»

ሩሲያ ሠራሽ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሽጉጥ ነው። ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ አልቆ ነጭ ብረቱ ወጥቷል። እኔ ግን ቀለም አልነበረም የማየው። በስልኬ መብራት ውስጡን ስመለከት የቧንቧው ጥርሶች ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ዝገት የለም። ሞላው ሲለቀቅ ሳይንገራገጭ ይመለሳል። ምላጩ ሲሳብ መጀመሪያ ይከብዳል፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይለቃል፤ ደግሜ ደጋግሜ ብስበውም እዚያው ቦታ ላይ ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። በሙያዬ የተማርኩት ይህን ነው፤ ብዙ ዕቃ ያለው ነገር ብዙ መንገድ ይበላሻል። ካዝናዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጥይቱን አቅፎ የሚይዝበት ከንፈሩ በፀጉር ስፋት ያህል ተከፍቷል። ገልብጬ አሳየኋቸው።

«እሱ ነው የሚነክሰው» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ደስ አላቸው። «ሽጉጡ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፤ ሌባው ካዝናው ነው። ሌላ ምን ታያለህ?»

«ሲይዙት አይጎረብጥም። ከሸሚዝ ሥር ብዙ አያብጥም። ጥይቱም አገር ውስጥ ይገኛል መሰለኝ።»

«ሌላስ?»

ሌላ አላገኘሁም። ሃምሳ አለቃ ሽጉጡን ከእጄ ተቀበሉ።

«ጥሩ ነገር ማለት ስትፈልገው የሚጮህ ብቻ አይደለም። ሳትፈልገው ዝም የሚል ነው። ይሄ ዝም ይላል። ግን ዝም የሚለው ዝም የሚያሰኝበት ቦታ ካለው ነው። የት ያድራል?»

«ቤቴ» ልል ስል እናቴ ትዝ አለችኝ።

«እሱን አስብ። እስከዚያ ፈቃድህን ጠይቅ። ደግሞ አንድ ነገር አድርግ…»

ያሉኝን አደረግኩ። ሽጉጡን ባዶውን በወጥ ቤት ሚዛናቸው መዘንነው፤ ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። የብረት መቅረጫ ቶርኖ ያለው ጓደኛዬ ዘንድ ሄጄ ከተጣለ የፓምፕ ዘንግ ልክ ያንን የሚመዝን ብረት አስቆረጥኩ። ጠርዞቹን ራሴ በሞረድ አለሰለስኩ፤ በጎማ ጠቀለልኩት፤ የቆዳ ማህደር ሰፋሁለትና ቀበቶዬ ላይ በስተቀኝ አደረግኩት። አንድ ወር እንደ ሽጉጥ እንድይዘው ነው የታዘዝኩት። ብረቱን የትም ጥዬ ከሄድኩ ሽጉጡንም እጥላለሁ ማለት ነው። ይዤው መጠጥ ቤት አልገባም። ከሰው አልጣላም። ሰው ቤት ስገባ እንደ ወጉ ፈትቼ ለባለቤቱ አስረክባለሁ፤ ስወጣ እቀበላለሁ። መሣሪያ የታጠቀ እንግዳ እንደዚያ ነው የሚገባው።

መጀመሪያ ያስረከብኩት ለቶርኖው ጓደኛዬ ነው፤ ቤቱ ምሳ ጠርቶኝ።

«ይሄን ያዝልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ብረት።»

«እኔ የቆረጥኩት ብረት?»

«አዎ።»

«ታመሃል እንዴ?» አለ፤ ግን ተቀበለኝ። እስክወጣ ድረስ ለሚስቱ «ታጣቂ መጥቷል፣ ሥጋ ጨምሪለት» ሲላት ዋለ።

በሁለተኛው ሳምንት ደፈርኩና ከሰዓት በኋላ ወደ እርሻ ወጣሁ። ፓምፑ ካንዴላው ብቻ ነበር የተበላሸው፤ ቶሎ ጨረስኩ። ስመለስ ያ የምናፍቀው ሰዓት ደረሰ። ክንዴ በየጊዜው ወደ ብረቱ ይሄዳል። ከፊት የሚመጣውን ሰው ሁሉ እጁን ነው የማየው፤ ዱላ የያዘ እረኛ፣ ገጀራ የያዘ ገበሬ፣ እጁን ኪሱ የከተተ ተማሪ። በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ከሩቅ እጇን አውለበለበችልኝ፤ አልቆምኩም። ከተማ ገብቼ የመጀመሪያው አደባባይ ጋ ስደርስ ሐይቁን አንድ ጊዜ እንኳ እንዳላየሁት ገባኝ። በነጋታውም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ሲለመድ ይቀላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሃምሳ አለቃ የጠየቁኝን ጥያቄ ግን መመለስ ነበረብኝ። ማደሪያ የሚሆን ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጎረቤታችን ጋሼ።

ጋሼ የሲዳማ ሰው ናቸው፤ አናጢ ነበሩ፤ አልጋ ሲሠሩ የኖሩበት እጃቸው ከጡረታቸው ወዲህ ሥራ ፈትቶ መሬት ይጭራል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በራቸው ላይ ካለው አቮካዶ ሥር፣ ራሳቸው በሠሩት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ግቢያቸው ሳልገባ ማህደሩን ፈታሁና በሁለት እጄ አቀረብኩ። «ብረት ነው» ልል ነበር። ጋሼ ግን ምንም ሳይጠይቁ ተቀበሉ። የማህደሩን ጫፍ ከእኔም ከራሳቸውም አርቀው ወደ ግንቡ አዞሩ፤ መዘኑት፤ ከአግዳሚው ሥር ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ ነው ቀና ብለው ያዩኝ።

«አባትህ በጨርቅ ነበር የሚጠቀልለው» አሉ።

«ምኑን?»

በመዳፋቸው አግዳሚውን ጠረግ አደረጉ።

«ለካ አልነገራችሁም» አሉ። «ና ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ጋሼ አማርኛን ረጋ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጣውላ እየለኩ ነው የሚናገሩት።

«የቢሮው ዕቃ ቤት ፀሐይ ሳትገባ ይዘጋል። አባትህ ከመስክ የሚመጣው ከመሸ ነው። ታዲያ ሽጉጡን የት ይጣለው? ለእናትህ ምሏል። እኔ ዘንድ አመጣው። ያኔ ልጅ አልነበረኝም፤ አልጠጣም። ወፍራም የጽድ ሣጥን ሠራሁለት። ጥይቱ በአንድ ቤት፣ ሽጉጡ በሌላ ቤት። ማታ ይሰጠኛል፤ ጠዋት ይወስዳል።»

«ሁልጊዜ?»

«መስክ በወጣ ቁጥር። ሰጥቶኝ ወዲያው አይሄድም ነበር። እዚህ ይቀመጣል፤ አንተ የተቀመጥክበት። ወገቡን ያሻል። ‹ልጁ እየሮጠ ወገቤን ነው የሚይዘኝ› ይለኛል፤ ‹የሽጉጡ ቦታ ትንሽ ይቀዝቅዝልኝና ልግባ።›»

አግዳሚው ላይ መዳፌን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ጣውላው በብዙ መቀመጥ ሰርጉዷል። በሩ ላይ ቆሜ የጠበቅኩበት፣ አሁን ይመጣል አሁን ይመጣል ብዬ እግሬን እያነሳሁ የጣልኩበት ያ ሁሉ ጊዜ፣ እሱ ከአጥሩ ወዲህ እዚህ ተቀምጦ ወገቡ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ ነበር። በድንገት የሸሚዙ ጨርቅ ጉንጬ ላይ መጣብኝ። አባቴ የናፈቀኝ እንደዚያ ቀን ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ገመዱን፣ መንገዱን፣ የሃምሳ አለቃን ሽጉጥ። «ለእኔም ያስቀምጡልኝ» አልኳቸው።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልችልም፣ የኔ ልጅ። አባትህ ሽጉጡን ሰጥቶኝ ይተኛል። እኔ አልተኛም ነበር። ባለቤቴ ትጸልያለች፤ እኔ መስኮቱን አያለሁ። ለጓደኛዬ ብዬ ነው፤ አልጸጸትም። አሁን ግን ቤቱን የልጅ ልጅ ሞልቶታል። ያልከፈቱት ነገር የለም፤ ትናንት የባለቤቴን መድኃኒት ለዶሮ ሲሰጡ ነው የያዝናቸው።»

«ሣጥኑስ?»

«ሣጥኑማ ዶሮዋ ትታቀፍበታለች» አሉና ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ስነሳ ብረቱን ከአግዳሚው ሥር አውጥተው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

ለእናቴ ምንም አልተናገርኩም። ያጋለጠኝ ግን ሸሚዜ ነው። በማግስቱ ልብስ ስታጥብ ጠራችኝ። የሥራ ሸሚዜን ከሳፋው አውጥታ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። በቀኝ በኩል፣ ከወገብ በላይ፣ ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ ዙሪያውን የቆዳና የዘይት ጥላ አለ።

«እዚህ ጋ የሚያልቅ ሸሚዝ አውቃለሁ» አለች።

ሸሚዙን ዝቅ አድርጋ የሳሳውን በጣቷ ዳሰሰች።

«አባትህን ያስለበስኩት ሁሉ እዚህ ጋ ነው ያለቀው። ኮቱ ሳይቀር። ቢሮ ነው የሚያድረው ይለኛል፤ እሺ እለዋለሁ። ልብሱን ማን ያጥበው ነበር?»

«ጋሼ ዘንድ እንደሚያድር ታውቂ ነበር?»

«ከቤቱ በፊት ጎረቤት የሚገባ ሰው ምን ሊሠራ ነው? ሁለቱም አይጠጡም!»

«ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ትቆጪው ነበር?»

«ምን ልበለው? አውቄብሃለሁ ልበለው?» ሸሚዙን መልሳ ውኃው ውስጥ ነከረችው። «ስቆጣው ደስ ይለው ነበር። አላወቀችም ብሎ ራቱን በደንብ ይበላል።»

ማህደሩን ፈታሁና ብረቱን አወጣሁላት። ሽጉጥ እንዳልሆነ ስታይ ትከሻዋ ረገበ። ብረት ለምን እንደያዝኩ በአጭሩ ነገርኳት። እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ተቀበለችኝ፤ መዳፏ ላይ አድርጋ ከፍ ዝቅ አደረገችው።

«ይሄን ያህል ነው የሚከብደው?»

«ይሄን ያህል ነው።»

«ይሄን ይዞ ነበር የሚውለው?» አለች። እኔን አልነበረም የምትጠይቀው። ብረቱን ሳፋው አጠገብ አስቀመጠችውና ወደ ማጠቡ ተመለሰች። አትያዝ አላለችኝም። ያዝም አላለችኝም።

በዚያው ሳምንት ሃምሳ አለቃ ቤት ሄድኩ። ብረቱን በር ላይ አስረክቤ ገባሁ፤ ከልባቸው ሳቁ።

«እሺ፣ ምኑን ነው ያልወደድከው?»

«ምንም አላጣሁበትም። ያን አንድ ካዝና ይጣሉት እንጂ እንከን የለበትም።»

«እና?»

«ማደሪያ አላገኘሁለትም።»

ሃምሳ አለቃ ወደ ቁም ሣጥናቸው ዞረው አዩ።

«እኔም እኮ ማደሪያ አጥቼለት ነው የምሸጠው» አሉ። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቁም ሣጥን ባስቀምጠውም ትራሴ ሥር ባደርገውም እንቅልፍ አልወስድ አለኝ።» ከዚያ ስለሌላ ነገር አወራን። በኋላ እንደሰማሁት ሽጉጡን ለፖሊስ አስረክበው ደረሰኝ ተቀብለዋል።

ስለዚህ መንገዱን እንደ ፊቱ አላገኘሁትም። ጠዋት እወጣለሁ፤ ሥራው ከረዘመ እርሻው ላይ ከጠባቂዎቹ ጋር አድራለሁ። አመሻሽ ላይ ብቻዬን አልነዳም። ያ ድንጋይ፣ ያ እሸት፣ ሐይቁ ቀለም ሲለውጥ ማንንም ሳልፈራ መቀመጤ አሁንም ይናፍቀኛል፤ መፍቻዋም እንዲሁ። አዲስ ዐሥር ቁጥር ገዝቼ ራሷን በሞረድ ላሳሳ ጀምሬ ነበር፤ ልኩ አልመጣልኝም።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ገበሬ አመሻሽ ላይ ቲማቲም ጭኖ ወደ ከተማ ሲመጣ ሞተሬን ፒክአፑ ላይ አሰረልኝ፤ እኔ ከኋላ የቲማቲም ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። የማየው እጅ አልነበረም፤ የምይዘው መሪም። ከጥቁር ውኃ ጀምሮ እስከ ከተማው መግቢያ ሐይቁን አየሁት። ብርቱካንማው ሲያልቅ ሐምራዊ መሳይ አለው ለካ፤ ከግራጫው በፊት፣ ለአጭር ጊዜ። ስነዳም ሆነ ድንጋዩ ላይ ስቀመጥ አላስተዋልኩትም ነበር።

ሰፈር ስወርድ ጨልሟል። ጋሼ በራቸው ላይ ነበሩ። «የያዝከው ነገር አለ?» አሉኝ ቀልድ በሚመስል ድምፅ። አዲሱን የመፍቻ ቦርሳዬን ፈትቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፤ ተቀብለው ከአግዳሚው ሥር ገፉት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ማዶ ሳህን ሲንኳኳ ተሰማ፤ ከዚያ የእናቴ ድምፅ፦

«መጣህ? አንተም ከቤትህ ጎረቤት ይቀድምብሃል!»

ጋሼ አዩኝ። ወገቤ ላይ ምንም አልነበረም። ቢሆንም ትንሽ ይቀዝቅዝልኝ ብዬ ተቀመጥኩ።